የአላታን ድልድይ ከሥሩ ማየት

ወደ ጢስ ዓባይ የሚጓዝ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ፏፏቴው ላይ ነው። ከከተማዋ ወርዶ ድንጋያማውን የእግር መንገድ ሲይዝ ግን ከፏፏቴው በፊት ዓባይን የተሻገረ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ያገኛል። አብዛኛው ጎብኚ መሐሉ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ አስጎብኚው «ፖርቹጋሎች የሠሩት ነው» ይለዋል፤ ከዚያ ዳገቱን ይያያዘዋል። በእኔ እምነት ይህ ድልድይ ራሱን ችሎ የአንድ ጠዋት ጉብኝት ይገባዋል። 400 ዓመት ገደማ የሆነው፣ በዓባይ ላይ በኖራና በድንጋይ ከተሠሩት ሁሉ የመጀመሪያው የሆነ፣ ዛሬም ገበሬው ከነአህያው የሚሻገርበት ሥራ ነው። ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተሠራ፣ እነማን እንደሠሩት፣ ብረትና ሲሚንቶ ሳይኖረው ይህን ሁሉ ክረምት እንዴት እንደተቋቋመ ቀስ ብለን እንይ።

መጀመር ያለብን ከወንዙ ነው። ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ባሕር ዳርን ካለፈ በኋላ ጎጃምን ከሦስት አቅጣጫ ከቦ ወደ ሱዳን ይወርዳል። በበጋ ውኃው ሲጎድል መሻገሪያ መልካ አይጠፋም። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን በወዲያና በወዲህ ማዶ ያለው ሰው ይለያያል። ከሐይቁ መውጫ አጠገብ የደንገል ታንኳ ነበር፤ ታንኳው ሰውና ጥቂት ጭነት ያሻግራል እንጂ ከብት፣ የሲራራ ነጋዴ ጭነትና ሠራዊት አይችልም። በዚያ ዘመን ነገሥታቱ የሚቀመጡት ከጣና በስተሰሜንና በስተምሥራቅ፣ በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በአዘዞ አካባቢ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለችው ጎጃም ደግሞ የእህልና የከብት አገር ናት። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር ቤተ መንግሥቱ ከሰፊው ግዛቱ ጋር መገናኛ ያጣ ነበር። ወንዝ መሻገር የንግድ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ግብርም፣ ጦርም፣ መልእክተኛም በዚያው መልካ ላይ ይቆማሉ።

ታዲያ ድልድዩ ለምን ከባሕር ዳር አጠገብ አልተሠራም? መልሱ ያለው ከፏፏቴው በታች ባለው ድንጋይ ውስጥ ነው። የጣና ሐይቅ ራሱ የተገደበው በጥንት እሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው። ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰው ድንጋይ ረግቶ ጥቁርና ጠንካራ ባዛልት ሆነ፤ ውኃውም ከፍሳሹ በስተሰሜን ተጠራቀመ። ዓባይ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ በዚህ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተንጣሎ ይሄድና ጢስ ዓባይ ላይ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል። ከወደቀ በኋላ ያ ሰፊ ወንዝ ባዛልቱ ውስጥ ወደ ተሰነጠቀ ጠባብ ገደል ይገባል። በክረምት ከላይ እስከ 400 ሜትር የሚሰፋው ውኃ ከታች በሁለት ቋጥኞች መካከል ተጨምቆ ያልፋል።

ከድልድዩ በፊትም ሰዎች ይህን ጠባብ ቦታ ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1625 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፖርቹጋላዊው ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ ጀሮኒሞ ሎቦ፣ ሁለቱ ቋጥኞች እጅግ ከመቀራረባቸው የተነሳ በእሱ ጊዜ ግንድ ተጋድሞባቸው የንጉሡ ሠራዊት በሙሉ በዚያ ላይ መሻገሩን ጽፏል። ከዚያም ዐፄ ሱስንዮስ በዚያው ቦታ ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ እንዳሠሩና ለዚህም ከሕንድ ግንበኞች እንዳስመጡ ይናገራል። በዓባይ ላይ የአገሩ ሰው ያየው የመጀመሪያው ድልድይ ይህ መሆኑንና ለአውራጃዎቹ መገናኛና ለንግዱ ትልቅ እፎይታ ማምጣቱንም ጨምሯል። ድልድዩ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ ነው። ከጎኑ ወደ ዓባይ በሚገባው ወንዝ ስም የአላታ ድልድይም ይባላል።

እዚህ ላይ «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚለውን መጠሪያ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። ያሠሩት የኢትዮጵያ ንጉሥ ናቸው። ቅስት የማዞርና ኖራ የማዘጋጀት ጥበቡን ያመጡት ከሕንድ የተገኙ ግንበኞች ናቸው፤ እነሱ የመጡት ከኢየሱሳውያኑ ጋር በተዘረጋው መንገድ፣ የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ወደ ኢትዮጵያ በገባበት ሰሞን ነው። ድንጋዩን ፈልጦ ያጋዘው፣ ውኃና አሸዋ የተሸከመው፣ እንጨት ቆርጦ ያቆመው ደግሞ የጎጃምና የቤጌምድር ሕዝብ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሌላ የሰው ኃይል በአገሩ አልነበረም። ስለዚህ አስጎብኚዎቻችን ድልድዩን በፖርቹጋል ስም ብቻ ሲያስተዋውቁት ንጉሡም፣ ሕንዶቹም፣ ጉልበቱን ያፈሰሰው ገበሬም ከታሪኩ ይወጣሉ። ይህ መታረም አለበት።

ከሥራው ሁሉ ከባዱ የቱ ነበር ቢባል ኖራ ማግኘት ነው እላለሁ። ከዚያ በፊት በአካባቢው ግንብ በአብዛኛው በጭቃ ነበር የሚያያዘው። ጭቃ ከጣሪያ ሥር ላለ ግድግዳ ይበቃል፤ በየዓመቱ ጎርፍ ለሚመታው ድልድይ ግን አይሆንም፤ ታጥቦ ይሄዳል። ሚሲዮናዊው ማኑኤል ዴ አልሜይዳ እንደጻፈው፣ ከሕንድ የመጣ አንድ አስተዋይ ሰው ቀለል ያለና ነቀዝ የበላው የሚመስል ድንጋይ አግኝቶ፣ በሕንድ ጉጃራት ኖራ የሚቃጠልበት ዓይነት መሆኑን ለየ። ከዚያ በኋላ የድልድዩም የቤተ መንግሥቱም ነገር ተለወጠ።

የኖራ አሠራር ቀላል ይመስላል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የኖራው ድንጋይ በምድጃ ውስጥ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይቃጠላል። በዚያ ሙቀት በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶ ይሄድና ነጭና ቀላል፣ እጅ የሚለበልብ ነገር ይቀራል። በላዩ ውኃ ሲፈስበት ይንተከተካል፤ በረድ ብሎ ሲላቆጥ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋዮቹ መካከል ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚሠራው አየር ነው። ኖራው በምድጃ ውስጥ ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ከአየር እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ይህም ወራት፣ ወፍራም ግንብ ውስጥ ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ድልድዩ ተመርቆ ሰው ሲሻገርበትም ውስጡ ገና እየጠነከረ ነበር ማለት ነው።

በጢስ ዓባይም በጎንደርም ግንቡ የተያያዘው በእንቁላል ነው ሲባል ይሰማል። ግንበኞች በኖራ ላይ እንቁላል የጨመሩበት ጊዜ በዓለም ላይ መኖሩ እውነት ነው። የድልድዩን ጥንካሬ ለመረዳት ግን መታየት ያለበት ኖራው ነው። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ በጥቁሮቹ ድንጋዮች መካከል ያለውን ነጣ ያለ መሥመር ተጠግተው ይዩት። አንዳንድ ቦታ ዝናብ አጥቦት ድንጋዩ ጠርዙ ወጥቷል፤ አንዳንድ ቦታ የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታል። የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን በእጅ መንካት የሚቻለው እዚያ ላይ ነው፤ መፈርፈር ግን የለበትም።

አሁን ወደ ቅስቱ እንምጣ። ድንጋይ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ወይም ሲያጎብጡት ደካማ ነው። ረጅም ድንጋይ በሁለት ምሰሶ ላይ አጋድመን ክብደት ብንጭንበት ከላይ ይጨመቃል፤ ከሥር ግን ይወጠራል። የሚሰነጠቀውም ከሥሩ ነው። ለዚህ ነው በድንጋይ ብቻ ሰፊ ክፍት ቦታ ቀጥ ባለ አግዳሚ መሻገር የማይቻለው። ቅስት ይህን ችግር የሚፈታው መወጠርን ሙሉ በሙሉ በማስቀረት ነው። ድንጋዮቹ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ብለው ይጠረቡና በግማሽ ክብ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ድንጋይ ወደ ታች መውደቅ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ታቹ ጠባብ ስለሆነ በግራና በቀኝ ያሉትን እየገፋ ይጣበቃል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው መዳፍ ለመዳፍ ተደጋግፈው ቢያዘነብሉ አንዱ ሌላውን እንደሚያቆመው ማለት ነው። ከላይ ክብደት በተጨመረ ቁጥር ድንጋዮቹ ይበልጥ ይጠባበቃሉ፤ ስለዚህ በቅስቱ ላይ የሚሞላው አፈርና ጠጠር፣ በሙሌቱም ላይ የሚነጠፈው ድንጋይ ድልድዩን ያረጋጋዋል።

ሁለቱ ተደጋጋፊ ሰዎች እግራቸው ቢንሸራተት ግን አብረው ይወድቃሉ። የቅስት ጠላት ይኸው ነው፤ ክብደቱን ወደ ታች ብቻ አያወርደውም፣ ወደ ጎንም ይገፋል። እግሮቹ የቆሙበት መሬት ትንሽ ከሸሸ አናቱ ይከፈታል። በሸክላ አፈር ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ግፊት የሚችል ትልቅ ግንብ በሁለቱም ወገን መቆም ነበረበት። ከፏፏቴው በታች ግን እግሩ የሚያርፈው በባዛልቱ ላይ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. በዚያ ያለፈው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ያስተዋለው ይህንኑ ነው፤ 25 ጫማ ያህል፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን አንድ ቅስት ገልጾ፣ የሁለቱም ጫፍ በወንዙ ግራና ቀኝ ባለው ቋጥኝ ውስጥ ጠልቆ እንደተቀመጠ ጽፏል። ግንበኞቹ ግማሹን ሥራ ለተራራው ሰጡት ማለት ነው። ድልድዩ ላይ ቆሞ ይህን ማየት አይቻልም። ተሻግረው ወደ ጎን ጥቂት ራቅ ይበሉና ዋናው ቅስት ከቋጥኙ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይመልከቱ። የሰው ሥራ የት ላይ አልቆ የተፈጥሮ ድንጋይ የት ላይ እንደሚጀምር ለመለየት ዓይን ጥቂት ይቸገራል።

አሠራሩን ደግሞ በወቅት አስቡት። ቅስት የመጨረሻዋ የአናት ድንጋይ እስክትገባ ድረስ ራሱን አይችልም። እስከዚያ የሚሸከመው ከሥሩ የሚቆም የእንጨት ቅርጽ ነው፤ የዛሬ ግንበኞች ፎርም ወርክ የሚሉት ማለት ነው። ይህ እንጨት ከወንዙ ላይ የሚቆመው ውኃው ሲጎድል ብቻ ነው። ዝናቡ ከቆመ በኋላ ተጀምሮ፣ ግንቡ ከሁለቱም ወገን እኩል እያደገ መጥቶ፣ ክረምቱ ሳይገባ አናቱ መዘጋት ነበረበት። ኖራ ቶሎ አይደርቅም፤ ጎርፉ ደግሞ ቀኑን አይረሳም። እንጨቱ ተነቅሎ ቅስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የቆመበትን ሰዓት ሳስብ የዚያን ቀን ግንበኞች ልብ ይታየኛል።

ዛሬ ድልድዩን የሚያይ ሰው ከዋናው ቅስት ጎን ሌሎች ትንንሽ ቅስቶችንም ያያል። በበጋ ከአብዛኛዎቹ ሥር ደረቅ ድንጋይ ብቻ ስለሚታይ ለጌጥ የተሠሩ ሊመስሉ ይችላሉ። ሥራቸው የሚታወቀው በክረምት ነው። ወንዙ ጠባቡን ገደል ሞልቶ በቋጥኙ ላይ ሲሰፋ በነዚህ በሮች ያልፋል። ባይኖሩ ኖሮ ድልድዩ እንደ ግድብ ውኃውን ይዞ ይቆምና የጎርፉ ግፊት ጎኑን ይደረምሰው ነበር። የድሮ ግንበኛ ብልህነቱ የሚለካው ወንዙን በበጋ አይቶ ክረምቱን በማሰቡ ነው። መስከረም ላይ ቢሄዱ ጎርፉ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደነበር በትንንሾቹ ቅስቶች ውስጥ ተሰክቶ የቀረው ጭራሮና ሣር ይነግርዎታል።

ይህ ሁሉ በሱስንዮስ ዘመን አላበቃም። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት በመቀበላቸው የተነሳው ጦርነት አገሩን ካደማ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። የኖራውና የቅስቱ ጥበብ ግን አብሮ አልወጣም። በጎንደር የፋሲል ግንብ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በርብና በመገጭ ወንዞች ላይ በተሠሩት ድልድዮች ያው እጅ፣ ያው ኖራ ይታያል። ሰዎቹ ቢሰደዱም ሙያው በአገሬው ግንበኛ እጅ ቀርቶ ከተማ ሠራ። የአላታ ድልድይ ለጎንደር ግንቦች እንደ መለማመጃ ሜዳ ሆኖ አገልግሏል ብል ማጋነን አይሆንም፤ ከጎንደር ግንብ 10 ዓመት ያህል ይቀድማል።

ድልድይ ወዳጅን እንደሚያሻግር ጠላትንም ያሻግራል። ብሩስ በ1770 ሲያየው የጎን ከለላ ግንቡ ፈርሶ ቁራጩ ብቻ ቀርቶ እንደነበርና በድልድዩ ላይ ብዙ ጊዜ የመጠገንም የማፍረስም ሙከራ መደረጉ እንደሚታይ ጽፏል። በየዘመኑ አንዱ መስፍን ሌላውን ለማገድ ቅስቱን ለመስበር ያስብ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። ይህን ከሁሉ በግልጽ የሚያሳየው ግን ከዚህ በታች በወንዙ ላይ፣ በጎጃሟ ሞጣና በደቡብ ጎንደሩ አንዳቤት መካከል ያለው ሰባራ ድልድይ ነው።

ያም ድልድይ በፋሲል ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገር አንዱን ቅስት ሰበሩት። ያን ጊዜ ተገቢ ሥራ ነበር፤ ጠላት ከወጣ በኋላ ግን የሚጠግነው ጠፋ። ለስድሳ ዓመት ያህል የሁለቱ ወገን ሰዎች በተሰበረው ቦታ ላይ ገመድ ወርውረው፣ ወገባቸውን ታስረው፣ ከወዲያ ማዶ ያሉት ሲጎትቷቸው ከታች ዓባይ እየጮኸ ይሻገሩ ነበር። ወደ ገበያ፣ ወደ ልቅሶ፣ ወደ ሐኪም የሚሄደው ሁሉ በዚያው ገመድ ነው። የዚህ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣና አንድ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ስላየው እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። የተሰበረው ቦታ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በ2002 ተጠገነ። በ2005 ኃይለኛ ጎርፍ ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። በ2009 ደግሞ በአቅራቢያው ከውኃው ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ያ ድርጅት ዛሬ በብዙ አገሮች ገጠር የእግረኛ ድልድይ ይሠራል፤ መነሻው ግን የእኛው ሰባራ ድልድይ ነው። ይህን ታሪክ ከባሕር ዳር ልጆች ስንቱ እንደሚያውቀው ስጠይቅ ልቤ ያዝናል።

በድንጋይ ቅስት የመሻገር ጥበብ በዓለም ላይ የመጨረሻውን ከፍታ ያየው ባቡር ሲመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሸለቆ የሚሻገሩት የድንጋይ የባቡር ድልድዮች የቆሙት በዚሁ በአላታ ባየነው ሕግ ነው፤ ድንጋዩ ይጨመቃል፣ እግሩ አለት ይይዛል። እኛ ዘንድ ባቡር ሲደርስ ዘመኑ የብረት ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ መስመር እንደ ሆልሆል ያሉትን ሸለቆዎች የተሻገረው በብረት ነው። ባሕር ዳር ባቡር አላየችም። የመኪና ድልድይ ግን አላጣችም፤ ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከተማዋ ውስጥ ቆሟል። በዚያ ላይ ቆመው ውኃው ወደ ጢስ ዓባይ ሲነጉድ ካዩ በኋላ ወደ አላታ ቢወርዱ 400 ዓመት በአንድ ቀን ያያሉ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከከተማው ሰው ይጠይቁ፤ በዚህ ጊዜ ይህ ለማንም ተጓዥ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከተማዋ ላይ የመግቢያ ትኬት ቆርጠው የአካባቢውን አስጎብኚ ይያዙ። ድንጋያማው መንገድ ወደ ወንዙ ቁልቁል ይወስዳል። የሚያንሸራትት ስለሆነ ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ ያስፈልጋል። ዓባይን ሲሻገሩ ከጎጃም ወገን ወደ ቤጌምድር ወገን ማለፍዎን ልብ ይበሉ፤ የድሮው ሲራራ ነጋዴ በዚሁ ነው ያለፈው። የገበያ ቀን ከገጠመዎት ወደ ጎን ቆም ብለው መንገዱን ለባለጉዳዮቹ ይልቀቁ። ጭነት ያለበት አህያ፣ ዶሮ በእጇ የያዘች ሴት፣ ማዳበሪያ የተሸከመ ጎልማሳ ሲያልፉ ድልድዩ ለምን እንደተሠራ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይገባዎታል።

ከዚያ መንገዱ በመንደሮች መካከል ወደ ላይ ይወጣል። ሻርፕና ቅል የሚሸጡ ልጆች ይከተሉዎታል። ዳገቱን ሲጨርሱ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይታያል። ከዚያ ወዲያ በአላታ ወንዝ ላይ የተሠራውን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግረው ወደ ፏፏቴው ሥር መጠጋት፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ዓባይን ተሻግረው ዙሩን መግጠም ይቻላል። በአንድ ዙር ወንዝ የመሻገሪያ ሦስት ዘዴ ያያሉ ማለት ነው፤ የድንጋይ ቅስት፣ የብረት ገመድ፣ ጀልባ። ተንጠልጣዩ ድልድይ ላይ ሲቆሙ እግርዎ ሥር ይወዛወዛል፤ ክብደቱን የሚሸከመው የተወጠረ ገመድ ስለሆነ ነው። የድንጋዩ ድልድይ የሚቆመው በመጨመቅ፣ ይህኛው የሚቆመው በመወጠር ነው። የድልድይ ትምህርት ግማሹ በነዚህ ሁለት መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ እዚህ በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠውልዎታል።

ወቅት መምረጥን በተመለከተ ከተለመደው ምክር ትንሽ እለያለሁ። ለፏፏቴው መስከረምና ጥቅምት የሚበልጣቸው የለም። ከዚያ በኋላ ውኃው በራሱ ጊዜ ይጎድላል፤ በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ከፏፏቴው በላይ ውኃ ይወስዳሉ፤ ከ2010 ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ በቀጥታ ይስባል። በበጋ የመጣ እንግዳ ቀጭን ውኃ አይቶ ቅር ብሎት ሲመለስ ብዙ ጊዜ ይታያል። ድልድዩን ማየት ለሚፈልግ ግን ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ። ውኃው ዝቅ ስለሚል የቅስቱ እግር፣ ቋጥኙ ላይ የተቀመጠበት ቦታና ትንንሾቹ በሮች ይገለጣሉ። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የድንጋዩ አጠራረብ ይታያል። ልጆች ይዘው ከሄዱ ቅስቶቹን እንዲቆጥሩና የአናቱ ድንጋይ የትኛው እንደሆነ እንዲፈልጉ ያድርጓቸው። በክረምት ግን ወደ ወንዙ ጠርዝ መጠጋት አይገባም፤ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ውኃውም በድንገት ይሞላል።

ስለ አያያዙ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የኖራ ግንብን በሲሚንቶ መለሰን ብዙ ሰው ጥገና ይመስለዋል። ሲሚንቶ ከኖራው ይልቅ ግትር ነው፤ ድንጋዩ በፀሐይ ሲሰፋና በብርድ ሲኮማተር አብሮት አይንቀሳቀስም። እርጥበቱንም በውስጡ ይቆልፈዋል፤ የታሰረው ውኃ ውስጡን እየበላ ይሄዳል። ኖራ መጠገን ያለበት በኖራ ነው። ሌላው በስንጥቁ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ ነው። ትንሽ ሳለ በእጅ የሚነቀል ችግኝ ከዓመታት በኋላ ሥሩ የአናቱን ድንጋይ ያላቅቃል። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰውና በየዓመቱ ከክረምት በኋላ የሚደረግ ክትትል ይበቃል። ባሕር ዳር የምህንድስና ትምህርት የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ተማሪዎቹ በየዓመቱ ወርደው ድልድዩን ቢለኩ፣ ስንጥቁን ቢመዘግቡ፣ ኖራ ማቃጠልና ማላቆጥ ቢለማመዱ ለእነሱም ለድልድዩም ይበጃል።

እርስዎም በሚቀጥለው ጊዜ እንግዳ ይዘው ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርዱ ለድልድዩ የራሱን ጊዜ ይመድቡ። ከላዩ ላይ ፎቶ ከተነሡ በኋላ ወደ ጎን ወጥተው ከሥሩ ይዩት፤ ያሠሩት ዐፄ ሱስንዮስ መሆናቸውን ለእንግዳዎ ይንገሩት፤ የተላቀቀ ድንጋይ ካዩ ደግሞ ሳይነኩ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።